ከሰጋቱራና ከገረባ ሰሌዳ ማብቀል፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፈንገስ ዕቃ እንደምሠራ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ነገር ይመሳሰላል። ስልክ ላይ አንድ በአንድ ከመመለስ እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የቸኮለ ወደሚፈልገው ጥያቄ ይዝለል።

ቆይ፣ ፈንገስ እንዴት ነው ዕቃ የሚሆነው?

እንጉዳይ ብለን የምናውቀው ባለ ጥላው ነገር የፈንገሱ ፍሬ ብቻ ነው። ዋናው አካሉ ከሥር ነው። ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር ነው፣ ማይሲሊየም ይባላል። ክሩ በሰጋቱራው ወይም በአገዳው ቅንጣት መሃል ይገባል፣ ይበላል፣ ይረዝማል፣ ሲረዝም ደግሞ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል። የክሩ ግድግዳ ውስጥ ኪቲን አለ፤ የአንበጣና የጥንዚዛ ቅርፊትም የሚጠነክረው በዚሁ ነገር ነው።

በቃ ሙጫው ራሱ ፈንገሱ ነው። ኬሚካል ሙጫ የለም፣ ፕሬስ የለም። ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሞልታችሁት ያድጋል፣ የቅርጽ ማውጫውን መልክ ይይዛል፣ ከዚያ በሙቀት ታደርቁትና ትገድሉታላችሁ። የሚቀረው ቀላል፣ ደረቅ፣ ቆዳው ነጭ የሆነ ሰሌዳ ነው። ሲያንኳኩት የደረቀ ድፎ ዳቦ ድምፅ አለው።

ማንኛውም ፈንገስ አይሆንም። እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። የሚፈለጉት እንጨት የሚበሉት ናቸው፣ ማለትም ሊግኒን የሚባለውን ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ማፍረስ የሚችሉት። ኦይስተር እንጉዳይ አንዱ ነው። ጋኖደርማና ትራሜተስ የሚባሉትም ብዙ ይሠራባቸዋል። ለጀማሪ ኦይስተር ይሻላል፤ ፈጣን ነው፣ ቶሎ አይኮራም።

የሚሠራበት አገር አለ ወይስ የኢንተርኔት ወሬ ነው?

አለ። አሜሪካ ውስጥ ኢኮቬቲቭ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሥርቶ በቲቪና በፍሪጅ ካርቶን ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚመጣውን ነጭ ፎም የሚተካ ማሸጊያ ከእርሻ ተረፈ ምርት ሲያበቅል ቆይቷል። ዴል ኮምፒውተሮቹን አሽጎበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ከ10,000 ያህል እንዲህ ያሉ ጡቦች ሃይ-ፋይ የሚባል 12 ሜትር የሚደርስ ግንብ ተሠርቶ የበጋ ወራታቸውን ቆሞ ከዚያ ፈርሶ ኮምፖስት ሆነ። ጣሊያን ውስጥ ሞጉ የድምፅ መምጠጫ ሰሌዳ ይሠራል። ቅርብ ለመምጣት፣ ኬንያ ውስጥ ማይኮታይል የሚባል ድርጅት ከእርሻ ተረፈ ምርት ሙቀትና ድምፅ የሚከላከል ሰሌዳ ያመርታል።

ከእኛም ጋር የሚነካካ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሴኡል ላይ ማይኮትሪ የተባለውን በማይሲሊየም ክፍሎች የቆመ ዛፍ መሳይ ግንባታ ካሳዩት አንዱ ዲርክ ሄበል ነው፤ እሱ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የሕንፃ ኮሌጁን፣ ኢአይኤቢሲን፣ በሳይንሳዊ ዳይሬክተርነት መርቷል።

ሁሉም ግን አልቀናውም። ቦልት ትሬድስ የተባለው ድርጅት ከማይሲሊየም ማይሎ የሚባል ቆዳ መሳይ ነገር ለማምረት ብዙ ገንዘብ አፍስሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን አቁሞታል። ይህን የምነግራችሁ መሬት ሽጣችሁ እንዳትገቡበት ነው።

ጭድ ሞልቶ የለ እንዴ፣ ለምን በጭድ አትሠሩም?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የምናደደውም በዚህ ነው። የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ገለባ “ቆሻሻ” ተብሎ ይጠራል። እሺ፣ እነሱ ጋ ይሁን። ወሎ ውስጥ የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነው። ከቀለብ የተረፈው ደግሞ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ምርጊት ይሆናል። የማሽላ አገዳም እንደዚያው ነው፤ ቃሉ ወይም ባቲ ወረድ በሉና አገዳው ሜዳ ላይ ተጥሎ ካገኛችሁት ንገሩኝ። ከብት ይበላዋል፣ አጥር ይሆናል፣ ይነዳል። በበጋ መጨረሻ ላይ ጭድ ልግዛ ብላችሁ ገበያ ብትወጡ ዋጋው ራሱ መልስ ይሰጣችኋል።

ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ “ከጭድ ዘላቂ ዕቃ እናመርታለን” ሲላችሁ መጀመሪያ በሬው ምን ሊበላ ነው በሉት። የላሟን መኖ ወስዶ የቲቪ ማሸጊያ ማድረግ ለአካባቢ ጥበቃ ምኑም አይደለም። ለሙከራ አንድ ማዳበሪያ ጭድ ችግር የለውም። ሥራ ብላችሁ ስትገቡበት ግን ሌላ ነገር ፈልጉ።

ታዲያ እዚህ አካባቢ በእውነት የሚጣለው ምንድን ነው?

እኔ የምከተለው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ሰጋቱራ። ደሴም ኮምቦልቻም እንጨት ቤቶችና መጋዝ ቤቶች ጋ ይከመራል። የተወሰነው ለሰጋቱራ ምድጃ ይሄዳል፣ የቀረውን ሥፍራ ስለሚይዝባቸው ውሰዱልን ይላሉ። ግን ዝም ብላችሁ አትሰብስቡ፣ የምን እንጨት እንደሆነ ጠይቁ። የጥድ ከሆነ ተዉት። ጥድ አጥር ላይ ለዓመታት የማይበሰብሰው ፈንገስን የሚከላከል ነገር ስላለው ነው፤ የእናንተንም ፈንገስ ይከላከልባችኋል። የባህር ዛፍ ይሠራል፣ ቀስ ይላል እንጂ። ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ የሚወጣው ዱቄት ሙጫ አለበት፣ አይሆንም። ሌላው ደግሞ ሰጋቱራ ብቻውን በጣም ደቃቅ ነው፣ አየር አያስገባም። ከመላጊያ የሚወጣውን ጥቅልል ፍቅፋቂ ወይም የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቀላቅሉበት።

ሁለተኛው ገረባ፣ የጫት ትርፍራፊው። አትሳቁ። ከበርጫ በኋላ በየቤቱና በየጫት መሸጫው በር ላይ የሚቆለለውን ሁሉም ያውቀዋል። ፍየል ቅጠሉን ትለቅመዋለች፣ እንጨቱ ይቀራል። ያ ቀጭን እንጨት ደርቆ ሲከተፍ ለፈንገስ ጥሩ ነው። እርጥቡን ከነቅጠሉ ከተጠቀማችሁ በሁለት ቀን ይሸታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አድርቁት። አንድ ነገር ብቻ፦ ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት ያሳስባል። ሰሌዳ ለመሥራት ነው እንጂ በገረባ ላይ የበቀለ እንጉዳይ አትብሉ።

ሦስተኛው የጥጥ ብናኝ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ክር ሲፈተል የሚወድቀው አጭር ቃጫና አቧራ፣ ማንም ትራስ እንኳን የማያደርገው፣ ፈንገስ ይወደዋል። ቃጫው ሰሌዳውን ውስጥ ለውስጥ ስለሚይዘውም በቀላሉ አይሰበርም። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጣው ቁርጥራጭ ጨርቅ ግን ሌላ ነው። ፖሊስተር ካለበት ፈንገሱ አይነካውም፤ እንደ ድንጋይ ዙሪያውን ያልፈዋል።

ስለ ቢራ ፋብሪካው የገብስ ተረፈ ምርትም ይጠይቁኛል። ተዉት፣ ከብት አደላቢዎች ይፈልጉታል። ደግሞም ስኳርና ፕሮቲን ስላለው ቶሎ ይሻግታል።

ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ?

ደሴዎች ይቅርታ አድርጉልኝና ኮምቦልቻ።

ኦይስተር ክሩ በደንብ የሚሮጠው 24 እስከ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አንድ የተዘጋ ክፍል ያለ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ጦሳ ሥር ያደረ ያውቃል። ፈንገሱ አይሞትም፣ ይቆማል። በሳምንት የሚያልቀው ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ በዚያ መሃል ሻጋታ ይቀድመዋል።

ደሴ ሆናችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ትንሽ ክፍል ወይም ትልቅ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ አንድ የሚሞቀውን የድሮ ዓይነት አምፖል (ኤልኢዲ ያልሆነ) አብሩበት፤ ክሩ በጨለማም በብርሃንም ያድጋል፣ የምትፈልጉት ሙቀቱን ነው። ወይም ዘዴኛ ሁኑ፦ ሰጋቱራውን ከደሴ አምጡ፣ ሐረጎን ውረዱ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ አብቅሉት፣ ሰሌዳውን መልሳችሁ ብርድ ላለባቸው ደሴዎች ሽጡ። ሰሌዳው ቀላል ስለሆነ የጭነት ነገር አያሳስብም፣ ሰፊ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ።

ከፍታው ሌላም ቦታ ይመጣል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። በባህር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው ፕሬሸር ኩከር ደሴ ላይ ወደ 116 ነው የሚደርስ። ቪዲዮው ላይ የተባለውን ሰዓት ተከትላችሁ “ሁሉን በትክክል አድርጌ ተበላሸብኝ” የምትሉ ሰዎች አንዱ ምክንያታችሁ ይህ ነው። ጊዜውን ጨምሩ።

እሺ፣ ደረጃ በደረጃ እንዴት ነው?

ተረፈ ምርቱን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ክተፉ። ሰጋቱራ ከሆነ በፉርሽካ ትንሽ አጠናክሩት፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ በቂ ነው፤ ካበዛችሁት ሻጋታ ጠራችሁ ማለት ነው። ለአንድ ኪሎ ደረቅ አንድ ኪሎ ተኩል ውሃ ገደማ ይጠጣል። መለኪያ ከሌላችሁ አንድ እፍኝ ጨብጡና ጨምቁ፦ በጣቶች መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣና ስትለቁት ከተበተነ ደርቋል።

ቀጥሎ ማጽዳት። በርሜል ውስጥ ከታች ውሃ፣ ከላይ ወንፊት፣ ከዚያ ላይ በማዳበሪያ የታሰረውን ተረፈ ምርት አድርጋችሁ በእንፋሎት ቀቅሉት። ጭድና አገዳ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ከቆየ ይበቃዋል። ፉርሽካ የገባበት ሰጋቱራ ግን ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፣ እኔ ግማሽ ቀን እንፋሎት ላይ አቆየዋለሁ። ማገዶ ለሚወደድበት ሰው ኖራ አለ፦ በውሃ ጠፍቶ ዱቄት የሆነ ኖራ በውሃ በጥብጦ ጭዱን ወይም አገዳውን እዚያ ውስጥ ማሳደር። ኖራው ውሃውን በጣም አልካላይን ስለሚያደርገው አብዛኛው ሻጋታ አይተርፍም። ጠዋት አንጠልጥሎ ማንጠፍጠፍ ነው። ጓንት አድርጉ፣ እጅ ይልጣል። ለሰጋቱራ ይህ ዘዴ አይመችም፣ ውሃውን ይዞ ይቀራል።

ከዚያ ቀዝቀዝ ይበል። በጣም ቀዝቀዝ ይበል! ትኩስ ላይ የእንጉዳይ ዘር (እህል ላይ የበቀለ ማይሲሊየም ነው) የጨመረ ዘሩን ቀቀለው። እጃችሁን፣ ጠረጴዛውን፣ ሳፋውን በአልኮል ጥረጉ። የእንጉዳይ ዘሩን ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 ያህል ቀላቅሉና በንጹህ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ በመርፌ ጥቂት ቀዳዳ ብሱበት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነጭ ይሆናል።

አሁን ነው ቅርጹ የሚመጣው። ነጭ የሆነውን በንጹህ እጅ ፈርፍሩት፣ አንድ ሁለት ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ነስንሱበት ክሩ ጉልበት እንዲያገኝ፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ጥግ ጥጉን ጠቅጥቁት። ቅርጽ ማውጫ ማለት የተቆረጠ ጀሪካን ሊሆን ይችላል፣ ሳፋ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ የእንጨት ሳጥን። በስሱ ፌስታል ሸፍናችሁ አራት አምስት ቀን ተዉት። ፈርፍራችሁ የበጣጠሳችሁት ክር መልሶ ይጋጠማል፣ እንደገና አንድ አካል ይሆናል። አውጥታችሁ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ያለ ቅርጽ ማውጫው ብታቆዩት ውጪው ወፈር ያለ ነጭ ቆዳ ያወጣል፤ ለመልክም ለጥንካሬም ይጠቅማል። እንጉዳይ ማውጣት ከጀመረ ግን ዘግይታችኋል።

ማድረቅ የመጨረሻው ነው፣ ብዙ ሰው የሚሰንፈውም እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ውስጡ ያለው ፈንገስ ግን ሊተኛ እንጂ ላይሞት ይችላል፤ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። ከ60 እስከ 80 ዲግሪ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል። ዳቦ ቤት የምታውቁት ሰው ካለ፣ ማታ እሳቱ ጠፍቶ ምድጃው ገና ሞቆ ሳለ ማስገባት ነው። መመዘን፣ እንደገና ማስገባት፣ እንደገና መመዘን። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም አልቋል።

አረንጓዴ ነጥብ አየሁበት። ምን ላድርግ?

ጣሉት። ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ነው። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ ያታልላል፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ቆርጦ ማውጣት የለም፤ ውስጥ ለውስጥ ሄዷል። ክፍሉ ውስጥ ፌስታሉን አትክፈቱ፣ ዱቄቱ ሌላውን ሁሉ ይበክላል። ከነፌስታሉ ውጪ አውጡና ቅበሩት። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ነው፦ በቂ ያልበሰለ፣ ውሃ የበዛበት፣ ወይም ዘሩ ያረጀ።

ሽታም ይነግራችኋል። ጤነኛው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያለ ጫካ ይሸታል። የኮመጠጠ ወይም የበሰበሰ ከሸተተ ባክቴሪያ ነው።

ብሎኬት ይተካል?

አይተካም። ይተካል ያለ ሰው ካለ ቤታችሁን እንዲሠራ አትፍቀዱለት። ይህ ዕቃ ሳይጨመቅ ሲሠራ የመሸከም አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋፓስካል በታች ነው። ለቤት የሚሞላው ኮንክሪት 20 እና 25 ነው። ሃይ-ፋይም ማይኮትሪም የቆሙት ንድፋቸው ጭነቱን በረቀቀ መንገድ ስላሳለፈው ነው።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው የሚጠቅመው?

ቀላል መሆኑና ሙቀት አለማሳለፉ ላይ። አንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ሲመዝን ይህ ከ60 እስከ 300 ኪሎ ነው። ብርድና ሙቀት በመከላከል ከነጩ ፎም ትንሽ ያንሳል፣ ብዙም አይርቅም። ድምፅም ይመጥጣል። እኔ ደሴ ላይ የማስበው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ ማስተኛት ነው። ሌሊት ብርዱን ያዝ ያደርጋል፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ቤት ውስጥ መነጋገር ይቻላል። ለስቱዲዮና ለመማሪያ ክፍል ግድግዳ፣ ለሚሰበር ዕቃ ማሸጊያም ይሆናል። ማሸጊያው አገልግሎቱን ሲጨርስ ሰባብሮ ጓሮ ውስጥ መቅበር ነው፣ በወራት ውስጥ አፈር ይሆናል።

ውሃ፣ ምስጥ፣ እሳት?

ውሃ አይወድም፤ ይጠጣል፣ ይለሰልሳል። ዝናብ የሚነካው ቦታና ወለል ላይ አታድርጉት። ምስጥ ይበላዋል፣ በተለይ ኮምቦልቻና ከዚያ ወረድ ብሎ፤ አይጥም ይቆፍረዋል። እሳት ላይ ከነጩ ፎም ይሻላል፣ እየቀለጠ አይንጠባጠብም፣ ላዩ ከስሎ ይዘገያል፤ ግን ይነዳል። ኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ኮርኒስ ላይ ሽቦው በቱቦ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ጤና ላይ ችግር አለው?

የደረቀውና የሞተው አያሳስብም። የሚያሳስበው ሥራው ነው። ስትከትፉ የሚነሳው አቧራና እንጉዳይ ካወጣ የሚበትነው ብናኝ ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ማስክ አድርጉ፣ መኝታ ክፍል ውስጥ አታብቅሉ።

እንጉዳዩን ሸጬ በተረፈው ሰሌዳ መሥራት እችላለሁ?

ይቻላል፣ ለብዙ ሰው ይህ ነው የሚያዋጣው ብዬም አምናለሁ። እንጉዳዩ ገበያ አለው፣ ሰሌዳው ገና ገበያ ይፈልጋል። እንጉዳይ ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው ግን ጉልበቱን ስለጨረሰ ሰሌዳው ይደክማል፣ የመሻገት ዕድሉም ከፍ ይላል። ለማሸጊያ በቂ ነው፣ ለኮርኒስ ግን ከአዲስ ጀምሩ። ለዚህ የምትጠቀሙት ገረባ አለመሆኑን አትርሱ።

ዘሩን ከየት ላምጣ? ከጫካ የጅብ ጥላ ለቅሜ ቢሆንስ?

አይሆንም። ምን እንደሆነ የማታውቁትን ፈንገስ ቤት አታብቅሉ። እንጉዳይ ከሚያመርቱ ሰዎች ዘር ግዙ። ነጭና ያልተነካካ መሆኑን እዩ፣ ቢጫ ውሃ ያቆረበትን አትቀበሉ። ስትለማመዱ በተቀቀለ ማሽላ ላይ ራሳችሁ ማባዛት ትችላላችሁ፣ ማሽላ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ንጽሕናው ከዚህ ሁሉ የሚብስ ሥራ ነው፣ መጀመሪያ ሰሌዳው ይሳካላችሁ።

መቼ ልጀምር?

መስከረም መጨረሻ። ክረምት ላይ ማብቀሉ አያስቸግርም፣ ማድረቁ ነው የሚያስለቅሰው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከምድጃ ያወጣችሁት ሰሌዳ ጠዋት መልሶ ውሃ ጠጥቶ ይጠብቃችኋል። በበልግ ዝናብም እንደዚያው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ጊዜ ተጠቀሙበት። አንድ ሳፋ በሚሞላ ብቻ ጀምሩ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ አናግሩት።